ሥሩ ከዘሩ ይጀምራል

ካናዛዋ በምትባል የጃፓን ከተማ ኬንሮኩኤን የሚባል ሰፊ የአትክልት ሥፍራ አለ። ጃፓን ውስጥ ሦስቱ ታላላቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። እዚያ አንድ ጥቁር ፓይን፣ ቅጠሉ መርፌ የሚመስል የጥድ ዓይነት ዛፍ፣ ቆሟል። ቁመቱ 15 ሜትር ያህል ነው። ቅርንጫፉ ያምራል፤ ስሙ የገነነው ግን በቅርንጫፉ አይደለም። ከ40 በላይ ትልልቅና ትንንሽ ሥሮች ከመሬት ወጥተው፣ እስከ 2 ሜትር ከፍ ብለው፣ ያን ሁሉ ዛፍ ተሸክመውታል።

ዛፉ እንዲሁ በአጋጣሚ እንዲህ አልሆነም። እንደሚነገረው፣ የአካባቢው 13ኛ ገዥ የነበረው ማኤዳ ናሪያሱ ችግኙን ሜዳ ላይ አላስተከለውም። አፈር አስከምሮ ጉብታው አናት ላይ ነው ያስተከለው። ሥሩ በጉብታው ውስጥ ሰርስሮ ወደ ታች ወረደ። ዛፉ ሲጠነክር አፈሩ ተነሣ። ሥሩ ባለበት ቀረ።

ልብ በሉ። ጉብታው የተከመረው ችግኙ ከመተከሉ በፊት ነው። ሥሩን ለማሳየት የተወሰነው ገና የሚታይ ሥር ሳይኖር ነው ማለት ነው።

እዚያው ግቢ ውስጥ ሌላ ዝነኛ ፓይን አለ፤ ካራሳኪ ይሉታል። እሱንም ይኸው ናሪያሱ ነው ያስበቀለው። ዘሩን ያስመጣው ከቢዋ ሐይቅ ዳር፣ ካራሳኪ ከሚባለው ቦታ ነው። ዛሬ በየዓመቱ ኖቬምበር 1 ሲሆን አትክልተኞቹ ረጃጅም ምሰሶ አቁመው የካራሳኪን ቅርንጫፎች በገመድ ወደ ላይ ይወጥራሉ። በረዶው ሲከብድ እንዳይሰበር ነው። አንዱ ዛፍ የዘር፣ ሌላው የሥር ታሪክ አለው። እኔን ለዓመታት የያዘኝ ነገር የሁለቱ ድምር ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከቤቴ ጀርባ ትንሽ ግቢ አለችኝ። እዚያ ከዘር ያበቀልኳቸው የጃፓን ጥቁር ፓይኖች አሉ። ቦንሳይ፣ ማለትም በፖት (በአትክልት ማሰሮ) ውስጥ ትንሽ ሆኖ ቅርጽ እየተሰጠው የሚያድግ ዛፍ፣ እንዲሆኑ ነው የማሳድጋቸው፤ ከነሱም ሥራቸው ከአፈር በላይ የሚታይ እንዲሆኑ የለየኋቸው አሉ። ጃፓኖች ይህን አሠራር ነአጋሪ ይሉታል።

ጥቁር ፓይን የባሕር ዳርቻ ዛፍ ነው። ጨው ይችላል፤ ነፋስ ይችላል፤ አሸዋ ላይ ይበቅላል። አሸዋ ደግሞ አይታመንም። ነፋስ ይወስደዋል፤ ማዕበል ያጥበዋል። ተዳፋት ላይ የበቀለ ፓይን ዝናብ በመጣ ቁጥር ከሥሩ አፈር ይሸሸዋል። ብዙዎቹ ይወድቃሉ። አንዳንዶቹ ግን ሥራቸውን ቀድመው ወደ ጥልቁ ስለሰደዱ ቆመው ይቀራሉ። ላይኛው ሥር አየር ላይ ይቀራል፤ ከጊዜ በኋላ ቅርፊት ያወጣል። ነአጋሪ ቦንሳይ ይህንኑ ነው ፖት ውስጥ የሚያሳየን።

ይህ ነገር ለኛ ሰው ወዲያው ደስ የሚል ነገር አይደለም። እናቴ አገር ቤት ናት፤ ገበሬ ቤት ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። አንድ ቀን በቪዲዮ ስናወራ ስልኩን ወደ ግቢ ይዤ ወጣሁና ከፓይኖቼ አንዱን አሳየኋት። ፊቷ ተለወጠ።

«ኧረ ልጄ! ምነው ሥሩን አራቆትሽው? አፈር አልብሺው እንጂ!»

«እማዬ፣ ሆን ብዬ ነው።»

«ሆን ብለሽ? ሥሩ ፀሐይ ላይ ወጥቶ በምን ይኖራል?»

ልክ ናት። ተራራ ላይ ላደገ ሰው፣ ሥሩ የወጣ ዛፍ አፈሩ እንደሄደ ይነግረዋል። ጎርፍ መጥቷል፤ እርሻው ተጠርጓል። እንዲህ ያለውን ዛፍ አይቶ «እንዴት ያምራል» የሚል ገበሬ የለም። ድንጋይ ደርድሮ አፈሩን ሊያድን ይሯሯጣል እንጂ። እኔም አፌን ሞልቼ ጥበብ ነው ልላት አልፈለግሁም። ያልኳት አንድ ነገር ነው፤ «ታች ሌላ ሥር አለው እማዬ፤ የሚጠጣው በዚያ ነው። ይኼ የምታይው አሁን እንደ ግንድ ነው የሚያገለግለው።» ዝም ብላ አየችው። «እንግዲህ ታች ያለውን አደራ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ነአጋሪ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው። የሚታየው ሥር የሚኖረው በማይታየው ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የማይታየውን ቀድሞ ማሳደግ ነው።

እዚህ ላይ ከብዙ የቦንሳይ ወዳጆች ጋር እለያያለሁ። ከዘር መጀመር ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አሉ። ከችግኝ ጣቢያ ዕድሜው የገፋ ዛፍ ግዛ፣ ግረዘው፣ በሽቦ ጠምዝዘው፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ቅርጽ ይዞልሃል ይላሉ። ለሌላው ቅርጽ ምክራቸው መጥፎ አይደለም። ቅርንጫፍ ካጠረ ይተካል፤ አቅጣጫው ካላማረ በሽቦ ይጎተታል። ሥር ግን እንደዚያ አይደለም። ከችግኝ ጣቢያ የመጣ ፓይን ሥሩ በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ተጠላልፏል። የወፈረው በማይሆን ቦታ ወፍሯል። አንዱ በሌላው ላይ ወጥቶ ተጫጭኗል። ሥሩ አንዴ ከደነደነ በኋላ አይታጠፍም፤ ይሰበራል። አፈሩን ብታነሡለት የምታገኙት ያው የተጠላለፈ ነገር ነው።

ከዘር ያበቀላችሁት ፓይን ግን የመጀመሪያዋ ሥር ከቅርፊቱ ስትወጣ ጀምሮ የእናንተ ነው። ወዴት እንደምትወርድ፣ ስንት እንደምትሆን፣ የት ላይ እንደምትታጠፍ የመወሰን ዕድል አላችሁ። ይህን ዕድል በገንዘብ የሚገዛበት ቦታ አላየሁም። ለነአጋሪ ከዘር ተነሡ የምለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ዘሩ።

የጥቁር ፓይን ዘር ትንሽ ናት፤ ጥቁር ቡናማ፣ ጫፏ የሾለ። ዛፉ ላይ ሳለች ነፋስ የሚወስዳት ስስ ክንፍ አላት። የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ክንፉ ተነቅሎ ነው። መጀመሪያ ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ትነከራለች። ባዶዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ይንሳፈፋሉ፤ ሙሉዎቹ ይሰምጣሉ። ከዚያ የሰመጡትን እርጥብ አሸዋ ወይም እርጥብ ሶፍት ውስጥ አድርጎ፣ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ዘግቶ፣ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ፍሪዘር አይደለም፤ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋው ተራው ፍሪጅ ይበቃል። ከ30 እስከ 60 ቀን ይቆያል። ዘሯ የብርድ ወራት መጥቶ እንዳለፈ እንድታውቅ ነው። በየሳምንቱ ከረጢቱን ከፍቶ ማሽተት ጥሩ ነው። ሻጋታ ሽታ ካለ ዘሩን አጥቦ አሸዋውን መቀየር ነው።

ጸደይ ሲመጣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ትዘራለች። እኛ አካባቢ ስኩዊረል የማይቆፍረው ፖት የለም፤ ስለዚህ ከላይ የሽቦ ወንፊት ይደፋበታል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ አፈሩ ይሰነጠቃል።

ይህችን ጊዜ ለምንም ነገር አልለውጣትም። ግንዷ ቀድማ ትወጣለች፤ ታጥፋ፣ አንገቷን ደፍታ። ቀይ ሐምራዊ መልክ አላት። ቀና ስትል የዘሯን ቅርፊት እንደ ቆብ አድርጋ ነው። ያን ቆብ ለመንቀል እጅ ይበላል። መተው ነው። ውስጡ ያሉት ቅጠሎች ገና ምግባቸውን ከዘሩ እየጨረሱ ነው፤ ሲበቃቸው ራሳቸው ገፍተው ይጥሉታል። ሲወድቅ መርፌ የሚያካክሉ ቀጫጭን ቅጠሎች ዙሪያውን ይዘረጋሉ። እነሱ የዘር ቅጠሎች ናቸው። ከመሐላቸው ደግሞ እውነተኛው ቅጠል ብቅ ይላል። ሁለት ሁለት ሆኖ የሚወጣው የጥቁር ፓይን መርፌ ግን ገና ነው፤ እሱ ቆይቶ ነው የሚመጣው።

በዚህ ዕድሜ ትልቁ ጠላት ፈንገስ ነው። ማታ ቀጥ ብላ የቆመች ችግኝ ጠዋት አፈሩ ላይ ተኝታ ትገኛለች። ግንዷ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀጥኖ፣ ውሃ መስሎ ይታያል። ያቺ አትድንም። ማድረግ የሚቻለው ቀድሞ ነው፦ ንጹሕ አሸዋ ወይም ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ)፣ የሚነፍስ ቦታ፣ የጠዋት ፀሐይ፣ ውሃ በልክ። ደግሞም ብዙ መዝራት። ከዘር የሚነሣ ሰው አሥር ዛፍ ከፈለገ አሥር ዘር አይዘራም።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። ወሳኙም ቦታ ይህ ነው።

አንደኛው መንገድ ችግኟን መቁረጥ ነው። ጃፓን ውስጥ የቆየ ዘዴ ነው። ችግኟ ግንዷ ገና ለስላሳ ሳለ፣ እውነተኛው ቅጠል ብቅ ሲል፣ በንጹሕ ምላጭ ግንዷ ከሥሯ በላይ ይቆረጣል። ሥሯ ይጣላል። የተቆረጠው ጫፍ ሥር የሚያበቅል ሆርሞን ተነክሮ እርጥብ ፑሚስ ውስጥ ይተከላል። ጥላ ውስጥ፣ እርጥበት ሳይለየው ይቀመጣል። ከተረፈች፣ አንድ ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር በማውጣት ፈንታ ከተቆረጠው ጫፍ ዙሪያ ብዙ ሥሮች ታወጣለች። እኩል ለእኩል፣ በሁሉም አቅጣጫ።

ሁለተኛው መንገድ ምንም ሳይቆርጡ ዋናውን ሥር እንዳለ መተው ነው። ያኔ አንድ ጠንካራ ሥር ቁልቁል ይወርዳል፤ ሌሎቹ ከጎኑ ቀጭን ሆነው ይከተላሉ።

ለነአጋሪ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ዛፉ ወደፊት የሚቆመው በአንድ እግር ከሆነ ግንዱ ረዘመ ከመባል በቀር የሥር መልክ የለውም። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሥር ሲኖር ነው በመሐላቸው ክፍተት የሚታየው፤ ነአጋሪ ነአጋሪ የሚሆነው በዚያ ክፍተት ነው። ዋጋ አለው፤ ከተቆረጡት ብዙዎቹ ላይጸድቁ ይችላሉ። የተረፉት ግን ያኮራሉ።

በሁለተኛው ጸደይ ችግኞቹን ከመደባቸው አውጥቼ ሥራቸውን አያለሁ። የነአጋሪ ዕጣ የሚወጣላቸው ያኔ ነው። ሥሩ ረዥምና ቀጥ ያለውን እለያለሁ። አጭርና ጥቅጥቅ ያለው ሥር ለሌላ ቅርጽ ይሆናል። የተመረጠው ረዥም ፖት ውስጥ ይገባል፤ የቧንቧ ቁራጭም ይሆናል፣ አንዱ በሌላው ላይ የሚደረደር የእንጨት ሳጥንም ይሆናል። እኔ ሳጥኑን እወዳለሁ። በኋላ ከላይ አንድ አንድ እያልኩ ስለማነሣው።

አሁን አፈሩ። ብዙ ሰው ቦንሳይ ሲባል የሚታየው መቀስና ሽቦ ነው፤ ለኔ ግን ዋናው መሣሪያ ወንፊት ነው። የላይኛው የሳጥኑ ክፍል ትልልቅ ፑሚስና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብቻ ነው። ውሃ አይዝም፤ ቶሎ ይደርቃል። የታችኛው ክፍል ደቀቅ ያለ ጠጠር፣ ትንሽ የፓይን ቅርፊት፣ ካገኘሁ አካዳማ የሚሉት የጃፓን አፈር ነው። ዱቄቱ ግን በወንፊት ወጥቶ መጣል አለበት። ዱቄት ከቀረ ታች ላይ ጭቃ ይሆንና ሥሩ ይበሰብሳል። ረዥም ፖት ውስጥ ውሃ በክብደቱ ታች ስለሚጠራቀም ላዩ ደረቅ፣ ታቹ እርጥብ ይሆናል። ሥር እርጥበት ወዳለበት ነው የሚያድገው። ስለዚህ ላይኛው ደረቅ ክፍል ላይ ብዙ ሳይቅበጠበጥ፣ ቅርንጫፍ ሳያበዛ፣ ወደ ታች ይሮጣል። እኛ የምንፈልገው ረዥም፣ ንጹሕ ሥር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስተክል ሥሮቹን አንድ ላይ ሰብሰብ አድርጌ በሚበሰብስ ገመድ ላላ አድርጌ አስራለሁ። አንዱን በሌላው ላይ ጠምዘዝ ማድረግም ይቻላል፤ በዚህ ዕድሜ እንደ ልብ ይታጠፋሉ። ግን ማብዛት አያስፈልግም። ሥር ታች ሲወርድ ድንጋይ ያገኛል፤ ይዞራል፤ ይመለሳል። ራሱ የሚያመጣው ጠመዝማዛ እኔ ከማመጣው ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሥሩ ጊዜ ነው። ላይኛውን አልገርዝም። ጥቁር ፓይን በሰመር መጀመሪያ አዲሱ ቡቃያ ሲቆረጥ ሁለተኛ ቡቃያ የማውጣት አቅም አለው፤ የጥቁር ፓይን ቦንሳይ አጫጭር መርፌ የሚያገኘው በዚያ ነው። ያ ግን ላደገ ዛፍ የሚደረግ ነው። የኔዎቹ አናታቸው ወደ ሰማይ እንዲመዘዝ እተዋቸዋለሁ። ያምራሉ አልልም። ረዥም፣ ዘርፋፋ፣ ጎፈሬያቸው የተበተነ ናቸው። ጎረቤት አይቶ «ይኼ ደሞ ምን ቦንሳይ ነው» ቢል አልገረምም። ነገር ግን ቅጠሉ በበዛ ቁጥር ሥሩ ይወፍራል። ላዩን ቶሎ ያሳጠረ ሰው ታች ክር ነው የሚያገኘው።

አፈሩን ማንሣት የሚጀመረው ሥሩ የሳጥኑን ወለል ከነካ፣ እዚያም ከተረጋጋ በኋላ ነው። እንደ ዛፉ ጉልበት ሦስት፣ አራት ዓመት ይወስዳል። በጸደይ፣ ቡቃያው ማበጥ ሲጀምር፣ ከላይ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ፑሚስ ይነሣል። እኔ በቀርከሃ ስንጥር ነው የማነሣው፤ ብረት ቅርፊቱን ይልጠዋል።

ከፑሚሱ ስር የሚወጣው ሥር መልኩ ይገርማል። ጫፉ ላይ ያለው አዲስ ሥር ነጭ ነው፤ አሁን የማገኘው ግን የቆየው ነው። ብርቱካናማ ቡናማ፣ ቆዳው ስስ፣ ሲነኩት የሚለሰልስ። ጥፍር ቢያገኘው ይላጣል። ሙጫ ይሸታል። ከዋናው ሥር ላይ ፀጉር የሚያህሉ ቀጫጭን ሥሮች ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ እነሱን በመቀስ አነሣቸዋለሁ፤ አየር ላይ ከወጡ ወዲያ መድረቃቸው አይቀርም። ወፍራሞቹ ይቀራሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ፖቱን ከቀትር ፀሐይ እከልለዋለሁ። ከወራት በኋላ ያ ስስ ቆዳ ይደርቃል፣ ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል። ቅርፊት ይሆናል። በሚቀጥለው ጸደይ ደግሞ ሌላ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር።

በአንድ ጊዜ ሁሉን ማንሣት ለምን አይሆንም? ሥር ጨለማና እርጥበት የለመደ ነገር ነው። ቆዳው ከፀሐይና ከነፋስ የሚከላከልበት ቅርፊት ገና የለውም። ባንዴ ብታወጡት ይደርቃል፤ እሱ ሲደርቅ ከታች ወደ ላይ ውሃ የሚሄድበት መንገድ ይዘጋል። ዛፉ ደግሞ በአናቱ ከብዶ በቀጫጭን ሥሮች ላይ ይወዛወዛል። ነፋስ ሲያወዛውዘው ታች ያሉት አዳዲስ የሥር ጫፎች ይበጠሳሉ። ቀስ ብሎ ሲወጣ ግን ላይኛው እየደነደነ፣ ታችኛው እየሰፋ ይሄዳል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላንሣ፤ ሳጥኑ ሲከፈት ታች አፈሩ ውስጥ ነጭ፣ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ይታያል። ጀማሪ ሰው ሻጋታ መስሎት ይደነግጣል። ከፓይን ሥር ጋር አብሮ የሚኖር ፈንገስ ነው። ውሃና ማዕድን ለሥሩ ያቀብላል፤ ሥሩ ስኳር ይከፍለዋል። የፓይን አፈር ስትቀይሩ አጥባችሁ አትጨርሱት። ከአሮጌው አፈር አንድ እፍኝ አስቀርታችሁ ከአዲሱ ጋር ቀላቅሉት።

ፓይን ቦንሳይ ከዘር እንዴት በብዛት እንደሚሠራ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በሺኮኩ ደሴት፣ በታካማትሱ ከተማ ሥር ያሉትን ኪናሺና ኮኩቡንጂ የሚባሉ ሰፈሮች ይፈልግ። የጃፓን የፓይን ቦንሳይ 80 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከነሱ ነው ይባላል። እዚያ ፓይን እንደ ጎመን በመደብ ነው የሚተከለው፤ ረድፍ በረድፍ፣ ውሃ በማይቋጥር አሸዋማ መሬት ላይ። አጀማመሩ በአቅራቢያው ካለው የሴቶ ባሕር ዳርቻ የዱር ፓይን እየነቀሉ ፖት ውስጥ በመትከል ነበር። ኋላ ነው ወደ እርሻነት የተለወጠው። ቦንሳይን የመነኮሳትና የመኳንንት ነገር ብቻ አድርጎ የሚያስብ ሰው ያን እርሻ ቢያይ ደስ ይለኛል። እጃቸው አፈር የነካ ገበሬዎች ሥራ ነው።

ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ዋሽንግተን ውስጥ ያለው ብሔራዊ አርቦሬተም፣ ማለትም የዛፎች መናፈሻ፣ የቦንሳይ ሙዚየም አለው። መግቢያው በነጻ ነው። እዚያ ያማኪ ፓይን የሚባል ነጭ ፓይን አለ። እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በሰው እጅ ሲኮተኮት የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምቡ ሲጣል ከፍንዳታው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በያማኪ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ፣ ከአጥር ኋላ ነበር። ተረፈ። ማሳሩ ያማኪ እ.ኤ.አ. በ1976 ዛፉን ለአሜሪካ ሰጠ፤ አሜሪካ 200ኛ ዓመቷን ስታከብር ጃፓን ከሰጠቻቸው 53 ቦንሳዮች አንዱ ነበር። ዛፉ ከየት እንደተረፈ እዚህ ያሉ ሰዎች በደንብ የሰሙት እ.ኤ.አ. በ2001 የልጅ ልጆቹ ሊጎበኙት ሲመጡ ነው።

ያማኪ ነአጋሪ አይደለም። ሥሩ አልተራቆተም። ግን ሄዳችሁ ስታዩት ቅጠሉን ትታችሁ ግንዱ አፈሩን የሚነካበትን ቦታ እዩልኝ። ዘርፈጥ ብሎ፣ ሰፍቶ፣ አፈሩን ጨብጦ ነው የተቀመጠው። የዛፉ ዕድሜ የሚነበበው እዚያ ነው። እኔ በሄድኩ ቁጥር የምቆመው በዚያ በኩል ጎንበስ ብዬ ነው። ጥበቃዎቹም የለመዱኝ ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ አላችሁ። እውነቱን ልናገር፤ ጥቁር ፓይን ለናንተ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። ብርዱ የሚያሳርፈው ወራት ያስፈልገዋል። ሥር ማሳየት ከወደዳችሁ ከደጃችሁ የተሻለ ዛፍ አለ። ጎንደር ጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ያለውን የድንጋይ አጥር ያየ ሰው ያውቀዋል። የዛፎቹ ሥር ግንቡን ጨብጦ፣ ድንጋዩን አቅፎ ወርዷል። የዚያ ዓይነት ሾላና ዋርካ የሚመደቡበት ወገን አየር ላይ ሥር መስደድ ተፈጥሮው ነው። ከፓይን ቶሎ ያድጋል፤ ስሕተትም ይችላል። የረዥሙ ፖት ዘዴ ለእሱም ይሠራል። ላይ ትልልቅ ጠጠር፣ ታች ደቀቅ ያለ፤ ከዚያ በየጊዜው ከላይ መቀነስ። በወራት ውስጥ ለውጥ ታያላችሁ።

እኛ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው ችግሩ። ብርዱ ይበዛል። ጥቁር ፓይን መሬት ላይ ከተተከለ የሜሪላንድን ዊንተር ያለ ችግር ይወጣል። ፖት ውስጥ ግን ሥሩን ከብርድ የሚከልል በቂ አፈር የለም። ሥር ከቅርንጫፍ ይልቅ ብርድ ይፈራል። በተለይ በዚያ ዓመት አዲስ የተገለጠ ሥር። ስለዚህ ዲሴምበር ሲገባ ሳጥኖቹን ከመደርደሪያ አውርጄ መሬት ላይ፣ ነፋስ በማያገኘው ግድግዳ ጥግ አስቀምጣቸዋለሁ። ዙሪያቸውን በደረቅ ቅጠል እሞላለሁ። የተገለጠውንም ሥር ጭምር እሸፍናለሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ በጣም ነው ደስ ያላት። «ይኸው አለበስሽው» አለች።

መጀመር ለምትፈልጉ፣ ዘሩን ማዘዣው ጊዜ መከር ነው፤ ጥሩ ጥሩው ቶሎ ያልቃል። ፌብሯሪ መጀመሪያ ላይ ንከሩና ፍሪጅ አስገቡ። ከረጢቱ ላይ ቀኑን ጻፉበት፤ ካልሆነ ከቲማቲም ድልህ ኋላ ተረስቶ ይቀራል። ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል ላይ ዝሩ። ሜይና ጁን ላይ ግንዱን በየቀኑ እዩ፤ ለስላሳ ሳለ፣ እውነተኛው ቅጠል ብቅ ሲል መቁረጫው ነው። ምላጩን በአልኮል ጥረጉ። የምትቆርጡት ከደመናማ ቀን ጋር ቢገጥም ይመረጣል። ረዥሙን ሳጥን ደግሞ ከአሁኑ ሥሩ፤ የሚቀጥለው ዓመት ጸደይ ሲመጣ ችግኙ ሳጥን አይጠብቅም። የኔ ሳጥን እያንዳንዱ ቀለበት 5 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው፤ በብሎን ሳይሆን በሽቦ ነው የተያያዘው። ብሎን ከጥቂት ዓመት ዝናብ በኋላ ይዝጋል፤ ለመፍታት ስትታገሉ ሳጥኑ ይናወጣል፤ ሥሩም አብሮ ይናወጣል። ሽቦ ግን በመቁረጫ ጠቅ ነው።